ያልተጻፈው ዕርቅ፦ የቤተሰብ ምሥጢርና ውርስ በልብ ወለዶቻችን፣ ከሐይቅና ከአምባሰል ሲታይ

በአማርኛ ልብ ወለድ የቤተሰብ ምሥጢር ሞልቷል፤ ውርስም አይጠፋም፤ ዕርቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ገጸ ባሕርያቱ ይጣላሉ፣ ይሰደዳሉ፣ ይመነኩሳሉ፣ ይሞታሉ። ተቀምጠው ሲነጋገሩ፣ የተበላሸውንም ደረጃ በደረጃ ሲያቃኑ የምናይባቸው ገጾች ግን ጥቂት ናቸው። ይህን ጉድለት ከአንድ አካባቢ ቆሜ ልመለከተው እፈልጋለሁ፤ ከደሴ በስተሰሜን፣ ከሐይቅ ከተማ እስከ ውጫሌና እስከ ግሸን ከተዘረጋው የደቡብ ወሎ ምድር። ወንድም ወንድሙን በዙፋን እንዳይሻማ የተቆለፈ ተራራ እዚህ አለ። የርስት ጉዳይ በወንጌል ብራና ላይ የተጻፈበት ገዳም እዚህ አለ። አንዱ መስጊድ ሌላው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ የአንድ እናት ልጆች እዚህ አሉ። ጠብ የማብረድ ሥራ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድባቸው ቤቶችም እዚሁ አሉ። ስለ ቤተሰብ ምሥጢር፣ ስለ ውርስና ስለ ግንኙነት መታከም መጻፍ የሚፈልግ ደራሲ ከዚህ የተሻለ አገር አያገኝም ብዬ አምናለሁ።

ከግሸን ልጀምር። በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋውን ይህን አምባ ዛሬ ምእመናን የሚያውቁት መስከረም 21 ቀን በሚከበረው በዓልና በግማደ መስቀሉ ነው። በመካከለኛው ዘመን ግን ግሸን የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ስፍራም ነበር። ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ከነገሡ በኋላ በዘሮቻቸው መካከል የዙፋን ሽሚያው እየበረታ ሄደ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው የንጉሥ ዘር የሆነውን ወንድ ሁሉ አምባ ላይ አውጥቶ መጠበቅ ነው። ንጉሡ ሲሞት ከመካከላቸው አንዱ ይወርድና ይነግሣል፤ የቀሩት እዚያው ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ያረጃሉ። ልጆቻቸውም ምንም ሳያጠፉ ታሳሪ ሆነው ይወለዳሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1434 የነገሡት ከዚሁ አምባ ወርደው ነው። ግሸን እ.ኤ.አ. በ1540 በአሕመድ ግራኝ ጦር እጅ እስኪወድቅ ድረስ ይህ ሥርዓት ዘልቋል።

በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቹጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከዚህ አምባ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አይቶ ጽፏል። ከተዘጉት መሳፍንት ከአንዱ ለንጉሡ ደብዳቤ ይዞ የመጣ መነኩሴ፣ እሱን ካሳለፉት የአምባው ጠባቂዎች ጋር ሲገረፍ አይቷል። ይህን በቁም ነገር አስቡት። አንድ ሰው በሥጋ ዘመዱ ትእዛዝ ተዘግቶ ይኖራል፤ ለዚያው ዘመዱ ይጽፋል፤ ደብዳቤውን ያደረሰው ሰው ይገረፋል። የታሰረ ለነገሠ ዘመዱ ምን ብሎ ይጽፋል? ይለምነዋል? ይረግመዋል? እናታችን እንዴት ናት ብሎ ይጠይቀዋል? ለዚህ መልስ የመስጠት መብት ያለው ልብ ወለድ ብቻ ነው፤ በአማርኛም መልሱን የሞከረ ድርሰት አላነበብኩም።

የተዘጉትን መሳፍንት ወደ ዓለም ልብ ወለድ ያስገባቸው አምባሰልን አይቶ የማያውቅ እንግሊዛዊ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በወጣትነቱ የካቶሊኩን ካህን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1735 አሳትሞ ነበር። በ1759 እናቱ ሞተች። ለቀብሯ ወጪ ገንዘብ ቢያስፈልገው በአንድ ሳምንት ምሽቶች ‹‹ራስላስ››ን ጽፎ ጨረሰ። የጆንሰን መሳፍንት በአማራ ግዛት ባለ የተድላ ሸለቆ ውስጥ ተዘግተው የመንገሥ ተራቸውን ይጠብቃሉ። መጽሐፉን ወደ አማርኛ የመለሱልን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ናቸው፤ ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም ራስላስ ከእኅቱ ጋር ከሸለቆው አምልጦ የሚፈልገው ደስታን ነው። ‹‹አባቴ ለምን ዘጋብኝ? ወንድሜ ለምን ይፈራኛል?›› ብሎ አይጠይቅም። ጆንሰን ተራራውን ለፍልስፍና ተጠቀመበት፤ ቤተሰቡን ተወው።

ወደ ሐይቅ እንውረድ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአባ ኢየሱስ ሞዐ እጅ የትምህርት ማዕከል የሆነ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ቦታ ነው። አበምኔቱ ‹‹ዐቃቤ ሰዓት›› ተብሎ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ አንዱ ነበር። ጥንት ደሴት የነበረው ቦታ ዛሬ ውኃው ሸሽቶ ከየብስ ተያይዟል፤ ሴቶች ግን ዛሬም አይገቡበትም። አባ ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በእንዲህ ያሉ ወንጌሎች ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታ፣ የንብረት ዝርዝርና የስምምነት ቃል ይጻፍ ነበር፤ ውል ያፈረሰም ውግዘት ይጠብቀው ነበር። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት የሐይቅን አበምኔቶች ከ1248 እስከ 1535 በተራ ማስቀመጥ የቻሉት እንዲህ ያለ መዝገብ ስለተረፈ ነው። አያት የሰጠውን የልጅ ልጅ እንዳይክደው ቅዱስ መጽሐፍ ላይ መጻፍ፣ ስለ ውርስ ያለንን ፍርሃት ከየትኛውም ሕግ በላይ ያሳያል።

ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚተረከውም የቤተሰብ ነገር ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ትበደላለች። እግዚአብሔር ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውኃ ያደርገዋል፤ ልዕልቲቱ ከነወዳጅ ዘመዶቿ ትሰጥማለች፤ የተበደለችው ሴት የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደሴት ሆኖ ይቀራል። ገዳሙ የተመሠረተው በዚያ ላይ ነው ይላሉ። በዚህ ተረት ውስጥ በደል አለ፣ ቅጣት አለ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ግን የለም። ልብ ወለዶቻችንም አብዛኛውን ጊዜ የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

ክብረ ነገሥትንም እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ነው። ያለ አባት ያደገ ልጅ፣ እናቱ የያዘችለት ቀለበት፣ አባቱን ፍለጋ የሚደረግ ጉዞ፣ አባት ልጁን ሲያውቅ፣ በመጨረሻም ከአባት ቤት በሌሊት የሚወጣ ታቦት። ይህ ሁሉ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በግእዝ የተጻፈ ነው። የሰሎሞን ዘር በአማራ ምድር ተሸሽጎ ኖሮ በይኩኖ አምላክ ተገለጠ የሚለው ትውፊትም የዚሁ ታሪክ ቅጥያ ነው። የአገራችን የመንግሥት መሠረት የተጣለው በአንድ የጠፋ ወራሽ ታሪክ ላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የጠፋ ልጅ፣ የአባት ምልክት፣ የተሸሸገ ዘር የሚሉት ነገሮች ከውጭ ፊልም የተቀዱ ናቸው የሚል ሐያሲ ሲያጋጥመኝ አልስማማም።

ከሁሉም አብልጦ የሚመስጠኝ ግን የጃንጥራሮቹ ቤት ነው። አምባሰልን ሲገዙ የኖሩት ባላባቶች ጃንጥራር በሚል ማዕረግ ይጠሩ ነበር። እቴጌ መነን የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው፤ እናታቸው ወይዘሮ ስኂን፣ በስማቸው ደሴ ላይ ትምህርት ቤት የተሰየመላቸው፣ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ልጅ ኢያሱ ለወይዘሮ ስኂን በአባት ወንድም ስለሆኑ ለመነን አጎት ይሆናሉ። መነን የራስ ልዑል ሰገድ ባለቤት ሳሉ ከዚያ ጋብቻ ወጥተው በ1903 ዓ.ም. ለደጃዝማች ተፈሪ የተዳሩት በአጎታቸው በኢያሱ ፈቃድ ነው። የዐፄ ምኒልክ ሞት በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ከሕዝብ ተሸሽጎ፣ አልጋው ለኢያሱ ቀረ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ፤ አልጋ ወራሽ የተባሉት ራስ ተፈሪ ናቸው። ልጃቸው የተነቀለባቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ዘመቱ። መጀመሪያ ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራስ ልዑል ሰገድም ሞቱ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ግን ንጉሡ ተሸንፈው ተማረኩ።

አሁን ከአንዲት የአምባሰል ሴት ወገን ሆነን እንየው። አያቷ የቀድሞ ባሏን ጦር ደመሰሱ፣ እርሱም ወደቀ። የአሁኑ ባሏ የአጎቷን አልጋ ወራሽነት ያዘ፤ አያቷም ለባሏ ወገን ምርኮኛ ሆኑ። ያቺን ጋብቻ የፈቀደው አጎት በ1928 ዓ.ም. በእስር እንዳለ ሞተ። ይህች ሴት በዚህ መካከል ልጆች አሳድጋለች፣ ቤተ ክርስቲያን አሠርታለች፣ ትምህርት ቤት ከፍታለች፤ ከዚያም እስከ 1954 ዓ.ም. እቴጌ ሆና ኖራለች። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ሰገሌ ብዙ ጽፈዋል። ከጦርነቱ በኋላ በዚያ ቤት ማዕድ ላይ ምን ተባለ፣ ለማን ተለቀሰ፣ ማን ተደበቀ የሚለው ግን የደራሲ ሥራ ነው። ለመጻፍ ድፍረትና ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ቢሆንም በአገራችን ውርስ፣ ምሥጢርና ዝምድና እንዲህ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ የተሰበሰቡበት ሌላ ታሪክ አላውቅም።

ተራው ሕዝብም የራሱ የተሸሸገ ነገር አለው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ከሰበሰቡት ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኋላ ንጉሥ የሆኑት ኢማም መሐመድ ዓሊ ያን ጊዜ ሚካኤል ተባሉ፤ በየመንደሩም ብዙው ሕዝብ በአደባባይ አንድ፣ በቤቱ ሌላ ስም ይዞ ኖረ። ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ይሏቸው የነበሩት እነዚህ ናቸው። ያ ዘመን አልፎ፣ ዛሬ የልጁ ስም የክርስቲያን የአባቱ ስም የሙስሊም የሆነ ሰው በሐይቅ ወይም በውጫሌ ቢያጋጥም የሚደነቅ የለም። ወሎ ይህን እንደ ጸጋ ነው የያዘው፤ እኔም እንደ ጸጋ አየዋለሁ። ነገር ግን ጸጋውን የምናወድሰው ከየት እንደመጣ በመዘንጋት ከሆነ የአያቶቻችንን ፍርሃት ሁለተኛ ጊዜ እንቀብረዋለን።

አባት ሲሞት ይህ ሁሉ ይፈነዳል። አርባው ከወጣ በኋላ፣ ተዝካሩ ወይም ሰደቃው ካለፈ በኋላ፣ የቤቱ ሰዎች ወረቀት መፈለግ ይጀምራሉ። ለቅሶ ላይ ማንም የማያውቃት ሴት ልጅ ይዛ መጥታ ዳር ላይ ተቀምጣ እንደነበር ያን ጊዜ ይነሣል። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ በየጊዜው የሚወጣውን የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ የሟች ልጅ ነኝና ወራሽነቴ ይረጋገጥልኝ የሚል አመልካች፣ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ የሚል ቀጠሮ። ከእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ጀርባ አንድ ልብ ወለድ አለ።

ሕጉ በዚህ ላይ ከብዙ ደራስያን ይልቅ ግልጽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን የመጀመሪያ ወራሾች ያደርጋል፣ ድርሻቸውንም እኩል ያደርጋል፤ በጋብቻ መወለድና ያለ ጋብቻ መወለድ ልዩነት እንዳያመጣ በቁጥር 836 ደንግጓል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። የቃል ኑዛዜ ግን ከቀብር ሥርዓት፣ ከሞግዚት ሹመትና ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ ወዲያ አያልፍም። በየገጠሩ ለነፍስ አባት ወይም ለሼህ በአልጋ ላይ የተነገረ የመጨረሻ ቃል ስንት ቤት እንዳፋረሰ የሚያውቅ ሰው የዚህን አንቀጽ ክብደት ይረዳል። አባት ልጁን ከውርስ ሲነቅልም ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ መግለጽ አለበት። የተነቀለ ልጅ የአባቱን ምክንያት በፍርድ ቤት ጸሐፊ አፍ ሲነበብ የሚሰማበትን ሰዓት በአማርኛ የጻፈ ደራሲ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ሙስሊም ቤተሰብ ከፈለገና ባለጉዳዮቹ ሁሉ ከተስማሙ ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይወስደዋል። እዚያ ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ይወስዳል፤ በሃይማኖት የተለየ ልጅም አይወርስም። ሆኖም አባት በሕይወት ሳለ ከንብረቱ እስከ ሲሶ ድረስ ወራሽ ላልሆነ ሰው በወሲያ፣ ማለትም በኑዛዜ፣ መስጠት ይችላል። አንድ የሐይቅ አባት ክርስቲያን ለሆነው ልጁ ያችን ሲሶ ሊተውለት ወይም ሊከለክለው በሚያስብበት ሌሊት ላይ መቆየት የሚችል ደራሲ፣ ስለ ወሎ መቻቻል ከተጻፉት መጣጥፎች ሁሉ የበለጠ ያስተምረናል።

ለገጠሩ ደግሞ ዋናው ነገር መሬት ነው። ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይጠየቅ ስለነበር የርስት ሙግት የሰውን ዕድሜ ይጨርስ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ርስት ቀረ፤ መውረስ ግን አልቀረም። በአማራ ክልል በአዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ኋላም በተካው በአዋጅ ቁጥር 252/2009 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የመጠቀም መብቱ ግን በኑዛዜም ያለ ኑዛዜም ይወረሳል። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ገደማ ሰው ወደ አገሪቱ ምዕራባዊ ክፍል ሄዶ ሰፈረ። ሞተ ተብሎ ተዝካሩ የወጣለት ሰው በሰፈራው ቦታ ሌላ ቤት መሥርቶ ቢገኝ፣ ሁለት ቤት ሙሉ ወራሾች ይገናኛሉ። ዓረብ አገር ሄዳ በላከችው ገንዘብ በወንድሟ ስም የተሠራ ቤት ያላት እኅትም በዚህ አካባቢ እንግዳ ታሪክ አይደለችም። ብርሃኑ ዘሪሁን በ‹‹ማዕበል›› የ1966ቱን የወሎ ረሃብ ወደ ልብ ወለድ አምጥተውታል፤ ከረሃቡ በኋላ በየቤቱ የተፈጠረውን የዝምድና ውጥንቅጥ ግን እስካሁን በደንብ የያዘው የለም።

እንግዲህ ልብ ወለዶቻችን ምን ሠሩ? የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት ‹‹ጦቢያ››፣ የተበተነ ቤተሰብ ታሪክ ነው። አባት ይማረካል፤ የማያውቁት ነጋዴ ቤዛውን ከፍሎ ያስፈታዋል፤ ልጁ ዋሕድ ውለታውን ለመመለስ ነጋዴውን ፍለጋ ወጥቶ ይጠፋል፤ መንትያ እኅቱ ጦቢያ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ትፈልገዋለች። በመጨረሻ ሁሉም ይገናኛሉ። የልብ ወለዳችን ጉዞ በመገናኘት መጀመሩን ብዙ ጊዜ እንረሳለን። እርግጥ ነው መገናኘቱ የሚመጣው በንጉሥ ፍቅርና በሠርግ ነው፤ ከውስጥ የሚሠራ ዕርቅ አይደለም። ኅሩይ በ1925ቱ ‹‹አዲስ ዓለም›› የአባት ተዝካር በልጅና በዘመድ መካከል የሚያነሣውን ክርክር አሳይተዋል፤ ክርክሩን የፈቱት ግን በምክር ነው። ሰውየው ሲጨነቅ ብዙ አናየውም።

‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የቤተሰብ ውርስ ምን ያህል እንደሚከብድ አሳየን። ሐዲስ ዓለማየሁ ሁለት ዓይነት ውርስ አቅርበዋል፤ ፊታውራሪ መሸሻ በልጃቸው በሰብለ ላይ የጫኑት የዘር ኩራትና የበዛብህ ወላጆች በሕፃንነቱ ልጃቸውን ለእግዚአብሔር የሰጡበት ስለት። ሰብለም በዛብህም ያልፈረሙበትን ዕዳ ይከፍላሉ። ከዚህ የጠለቀ የውርስ መጽሐፍ በአማርኛ የለም ብል አላጋነንኩም። ነገር ግን የአባትና የልጅ ዕርቅ በመጽሐፉ የለም፤ ፍቅረኞቹም የሚገናኙት በመቃብር ነው። የመጽሐፉ ኃይል ከዚህ የመጣ ስለሆነ ሐዲስን አልወቅሳቸውም። የምወቅሰው ከእርሳቸው በኋላ የመጣውን ልማድ ነው፤ ሞት የቤተሰብ ታሪክ ሁሉ መደምደሚያ ሆኖ ቀረ። በዓሉ ግርማ በ‹‹ከአድማስ ባሻገር›› የአበራን ቤተሰብ እንደ ጫና አሳዩን፤ አዳም ረታ በ‹‹ግራጫ ቃጭሎች›› የመዝገቡን ልጅነት ከውስጥ ገብቶ አስነበበን። በአዳም እጅ ዝምታ ራሱ ገጸ ባሕርይ ይሆናል። ከቁስሉ በኋላ ስላለው ግን አሁንም ጥቂት ነው የምናነበው።

የዕርቁን ነገር ጠለቅ ብለው የጻፉት በእንግሊዝኛ የሚጽፉ የእኛ ሰዎችና ከእኛ ጋር ያደጉ ናቸው። አዲስ አበባ ያደገው ሐኪሙ አብርሃም ቨርጊስ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ልብ ወለዱ ‹‹ሚሲንግ›› በሚባል የአዲስ አበባ ሆስፒታል ከአንዲት መነኩሲት የተወለዱትን መንትዮች ማሪዮንንና ሺቫን ይዞ ይሄዳል። እናት በወሊድ ትሞታለች፤ አባት ይሸሻል፤ ወንድም ወንድሙን ይከዳል። ዕርቁ የሚመጣው በቃል አይደለም፤ ሺቫ ከጉበቱ ቆርጦ ለወንድሙ ሰጥቶ ይሞታል። ሞት እዚህም አለ፤ ግን ከዕርቁ በኋላ የመጣ ሞት ነው። መአዛ መንግሥቴ በ2019ኙ የጣልያን ወረራ ልብ ወለዷ ለሂሩት ከአባቷ የወረሰችውን ውጅግራ ጠመንጃ ትሰጣታለች፤ ለጣልያናዊው ፎቶ አንሺ ለኤቶሬ ደግሞ ያባቱን ምሥጢር በደብዳቤ። ሁለት ጠላቶች ሁለት ውርስ ተሸክመው ከዓመታት በኋላ ይገናኛሉ። ዲናው መንግሥቱ በ2024 ባወጣው ልብ ወለድ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የታክሲ ሾፌር የቤት ወዳጅ ብቻ መስሎ ኖሮ ከሞተ በኋላ ለዋናው ገጸ ባሕርይ ለማሙሽ አባት መሆኑ ጎልቶ ይወጣል። በስደት ያለው ማኅበረሰባችን ስንት እንዲህ ያለ ‹‹አጎት›› አለው!

ገጣሚው ለምን ሲሳይ ልብ ወለድ አልጻፈም፤ የጻፈው ግለ ታሪክ ነው፤ ግን ያለ እሱ ይህ ዳሰሳ ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝ አገር ከኢትዮጵያዊት ተማሪ ተወልዶ፣ ስሙ ተለውጦ በአሳዳጊ ቤተሰብና በማሳደጊያ አደገ። ወጣት ሲሆን እውነተኛ ስሙን የያዘ ወረቀትና ልጇን እንዲመልሱላት የለመነችበትን የእናቱን ደብዳቤ አገኘ። በ2019 ያሳተመው መጽሐፍ በማኅደሩ የተገኙትን ሰነዶች አንድ በአንድ እያቀረበ ከእነሱ ጋር ይነጋገራል። ከግሸን የወጣውን ደብዳቤ ለሚያስታውስ አንባቢ፣ ይህች የእናት ደብዳቤ ከብዙ ዘመን በኋላ እጅ የገባች ያህል ናት።

ለምን በአማርኛ አልሆነም? አንዱ ምክንያት ዕርቅን የምናውቀው እንደ ፍጻሜ እንጂ እንደ ሥራ ስላልሆነ ይመስለኛል። ሽማግሌ ገባ፣ ታረቁ፣ አለቀ። በሐይቅና በአምባሰል ሽምግልና ሲደረግ ያየ ሰው ግን እንደዚያ እንዳልሆነ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም ሃይማኖት ይመረጣሉ፤ መጀመሪያ በዱዓና በጸሎት ይከፍታሉ። ተበዳይን ብቻውን፣ በዳይን ብቻውን ይሰማሉ። ስድብ የሚያመጣውን ቃል በመሐል ያስቀራሉ፤ እውነቱን ግን አያስቀሩም። ተበዳይ ሲያስቸግር ሽማግሌው ራሱ ከመቀመጫው ተነሥቶ ይንበረከክለታል። በዳዩ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ የሚቀርብበት ጊዜ አለ። ደም የፈሰሰበት ነገር ከሆነ ወሎ አበጋሮች አሉት፤ ይህ የማስታረቅ ኃላፊነት በዘር የሚወርድላቸው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቃላቸውን የሚሰማላቸው ሰዎች። ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ምርቃቱ ይረዝማል፤ ያልተስማማ ካለ ሌላ ቀን ይቀጠራል። ይህ ሁሉ ለልብ ወለድ ትዕይንት የተዘጋጀ ነው፤ የሚቀረው መጻፉ ነው።

ነገር ግን ዕርቁን እንደ ጌጥ ብቻ የሚያቀርብ ልብ ወለድም አልፈልግም። ሽምግልና እውነትን የሚቀብርበት ጊዜ አለ። ‹‹ይቅር ለእግዚአብሔር›› ወይም ‹‹ለአላህ ብለሽ ተይው›› ሲባል ብዙውን ጊዜ የምትተወው እኅት ናት። አንቺ ባል አለሽ፣ ወንድምሽ ያባቱን ቤት ይጠብቅ ትባላለች፤ ዕርቁ በእርሷ ድርሻ ይገዛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል መሆናቸውን ቢደነግግም፣ ሰላም እንዲወርድ ዝም ያለችውን ሴት አንቀጹ አይደርስላትም። ፍርድ ቤት ሄዳ ድርሻዋን ብትወስድ ደግሞ ለቅሶዋ ላይ የሚቆምላት ዘመድ ልታጣ ትችላለች። ሕጉ ድርሻዋን ይሰጣታል፣ ሽምግልናው ዘመዶቿን ይሰጣታል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጣት ማን ነው? የሐይቅና የአምባሰል ልብ ወለድ መልስ መፈለግ ያለበት ለዚህ ጥያቄ ነው። ሐዲስ ዘርን፣ አዳም ዝምታን ጽፈውልናል። እኅቲቱ ተናግራም ዘመድ ሆና የምትቀጥልበትን ታሪክ የጻፈልን የለም፤ በእኔ ሚዛን ትልቁ የልብ ወለዳችን ክፍተት ይህ ነው።

ለወሎ ልጆች፣ በተለይም ከሐይቅ፣ ከውጫሌና ከግሸን ዙሪያ ለሚወጡ ወጣት ደራስያን የምለው አለኝ። በ1966ቱና በ1977ቱ ረሃብ ያለፉ፣ በሰፈራ ሄደው የተመለሱ፣ አበጋር ፊት የተቀመጡ አረጋውያን ዛሬም አሉ፤ ቁጥራቸው ግን በየዓመቱ ይቀንሳል። በ2014ቱ ጦርነት በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የነበረ ብዙ ወረቀት ጠፍቷል። የቀረው ማኅደር እነሱ ናቸውና ሄዳችሁ አነጋግሯቸው፤ አያቶቻችሁን ብቻ ሳይሆን አክስቶቻችሁንም ጠይቁ። ስትጽፉም መጽሐፉን በአርባው ቀን አትዝጉት፤ ወራሾቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ከተቀመጡበት ከዚያ ማግሥት ጀምሩት።